መጨረሻው የታወቀ ታሪክ፦ የልብ ወለድ ሴራ ከጋፋት እስከ መቅደላ

ሁለት የዝናብ ጠብታዎች በጉና ተራራ ራስ ላይ ጎን ለጎን ወደቁ እንበል። አንደኛዋ በምዕራቡ ቁልቁለት ወርዳ ርብን ወይም ጉማራን ትቀላቀላለች፤ ጣና ሐይቅ ገብታም ከዓባይ ጋር ትወጣለች። ሁለተኛዋ በምሥራቁ በኩል ወደ ተከዜ ትወርዳለች፤ በአትባራ ወንዝ አድርጋም ሱዳን ውስጥ ከናይል ትገናኛለች። ሲነሡ ጎረቤት የነበሩት ጠብታዎች በመጨረሻው ያው አንድ ወንዝ ውስጥ ይገባሉ። በመካከሉ ያዩት ገደል፣ ያቋረጡት በረሓና የፈጀባቸው ጊዜ ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው።

ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ይህ ጥንታዊ እሳተ ገሞራ ለጂኦግራፊ ተማሪ የሁለት ተፋሰሶች መለያ ነው። ልብ ወለድ ለመጻፍ ብዕር ላነሣ ተማሪ ደግሞ አንድ ቁም ነገር ያስተምራል፤ መነሻና መድረሻ ብቻቸውን ታሪክ አይሆኑም፤ አንባቢን ይዞ የሚሄደው በመካከላቸው ያለው መንገድ ነው።

ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። በጉና አቅራቢያ በምትገኘው በደብረ ታቦርና በአጠገቧ ባለችው በጋፋት ከ150 ዓመታት በፊት የተጠነሰሰ፣ መቅደላ ላይ የተፈጸመ አንድ ታሪክ አለ። የአጼ ቴዎድሮስን ፍጻሜ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ተማሪ አይገኝም ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በተውኔት ጽፎታል፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም እንዲሁ። ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ»ን፣ አቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ»ን በልብ ወለድ አቅርበዋል። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1974 በእንግሊዝኛ ቋንቋ አሳትሞታል። መጨረሻው አስቀድሞ የታወቀ ታሪክ እንዴት ይህን ያህል ጊዜ ይጻፋል? እንዴትስ ይነበባል? መልሱን የምንፈልገው በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ብቻ ሳይሆን ሳይንስ ስለ አንባቢ አእምሮ ካገኘው ዕውቀትም ጭምር ነው።

ሐሳብ ገና ሴራ አይደለም

ብዙ ጀማሪዎች ገና ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ሳሉ ብዕራቸው ይደርቃል። ምክንያቱ ስንፍና የሚመስላቸው አሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው፤ በእጃቸው የነበረው ርዕሰ ጉዳይ እንጂ ታሪክ አልነበረም።

«ስለ አጼ ቴዎድሮስ እጽፋለሁ» ማለት ርዕሰ ጉዳይ ነው። ከዚህ አንድ እርምጃ ወደፊት እንሂድ። ንጉሠ ነገሥቱ በጋፋት የነበሩትን አውሮፓውያን ሚስዮናውያንና የእጅ ባለሙያዎች ታላቅ መድፍ እንዲሠሩላቸው አዘዙ። ሰዎቹ መድፍ መሥራት አናውቅም አሉ፤ ንጉሡ ግን አልተቀበሏቸውም። ከብዙ ድካምና ከከሸፉ ሙከራዎች በኋላ ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል የሚጠጋ መድፍ ተሠራ፤ «ሴባስቶፖል» የሚል ስምም ወጣለት። በመስከረም 1860 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መድፉን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ።

አሁን አንድ ጥያቄ እናንሣ። ያንን መድፍ ከሚጎትቱት በመቶ ከሚቆጠሩ ሰዎች አንዱ ቤቱ ሲቃጠል ያየ የደብረ ታቦር ሰው ቢሆንስ? ልጁም በጋፋት ወናፍ ሲነፋ የከረመ፣ በመድፉ የሚኮራ ጎረምሳ ቢሆንስ? ሁለቱ ሰዎች የፈጠራ ናቸው፤ ነገር ግን ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው። አባትየው የሚፈልገው ነገር አለ፤ ልጁን ይዞ ወደ ቀየው መመለስ። የሚከለክለው ኃይል አለ፤ የንጉሡ ትእዛዝና የገዛ ልጁ እምነት። ካልተሳካለትም የሚያጣው ነገር አለ። ፍላጎት፣ ዕንቅፋትና ሊታጣ የሚችል ውድ ነገር፤ እነዚህ ሦስቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሊቀመጡ ካልቻሉ ሐሳቡ ገና አልበሰለም ማለት ነው።

«ከዚያም» እና «ስለዚህ»

በአማርኛ ትምህርታችን ታሪክና ሴራ የተለያዩ መሆናቸውን ተምረናል። ታሪክ ድርጊቶች በጊዜ ቅደም ተከተል የሚደረደሩበት ነው፤ ሴራ ግን በምክንያትና በውጤት የሚተሳሰሩበት። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤድዋርድ ሞርጋን ፎርስተር ይህን ልዩነት እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመው መጽሐፍ ዝነኛ አድርጎታል። ከእርሱ በፊት ከ2,200 ዓመታት በላይ ቀደም ብሎ አሪስቶትል አንድ ነገር ከሌላው በኋላ መምጣቱና በሌላው ምክንያት መምጣቱ ለየቅል መሆናቸውን አስተውሎ ነበር።

የሚከተለውን እንመልከት። አጼ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ላኩ። ከዚያም በ1856 ዓ.ም. ቆንሲል ካሜሮንን አሰሩ። ከዚያም የእንግሊዝ መልእክተኞች መጡ። ከዚያም ጦር መጣ። ይህ የዘመን ዝርዝር ነው፤ አንባቢው የትኛውም መስመር ላይ መጽሐፉን ሊያጥፈው ይችላል።

አሁን ደግሞ እንዲህ እንበል። ደብዳቤው ለንደን ደርሶ መልስ አላገኘም፤ ስለዚህ ንጉሡ እንደ ተናቁ ቈጠሩት። ስለዚህ ቆንሲሉን አሰሩ። እንግሊዞች መልስ የሚያደርስ መልእክተኛ ላኩ፤ ነገር ግን እርሱም ከእስረኞቹ ጋር ተቀላቀለ። ስለዚህ የመልእክት ዘመን አበቃ፤ የጦር ዘመን ተተካ። እዚህ ላይ እያንዳንዱ ክንውን የሚቀጥለውን ይወልዳል። አንዱን ብናወጣው ቀሪው ይፈርሳል።

ጀማሪ ደራሲ ረቂቁን የሚፈትሽበት ቀላል መንገድም ይኸው ነው። ምዕራፎቹን በአንዳንድ መስመር ይጻፍና በመካከላቸው ማያያዣ ቃል ያስገባ። «ስለዚህ» ወይም «ነገር ግን» የሚገባ ከሆነ ሰንሰለቱ ጠብቋል። «ከዚያም» ብቻ የሚገባ ከሆነ ግን እዚያ ቦታ ላይ ቀለበት ጎድሏል።

አንድ ሕይወት፣ ሦስት ኩርባ

የታሪክን ቅርጽ መለካት ይቻላል? ጀርመናዊው ጉስታቭ ፍራይታግ እ.ኤ.አ. በ1863 የተውኔትን አካሄድ በሚወጣና በሚወርድ ፒራሚድ ሥሎ ነበር፤ ጡዘት የምንለው ነጥብ የፒራሚዱ ጫፍ ነው። ሩሲያዊው ቭላድሚር ፕሮፕ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1928 አንድ መቶ ተረቶችን መርምሮ፣ የገጸ ባሕርያቱ ስም ቢለያይም ከ31 የማይበልጡ የድርጊት ዓይነቶች እየተደጋገሙ እንደሚመጡ አሳየ።

የኮምፒዩተር ዘመን ሲመጣ ሙከራው ሰፋ። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ የቬርሞንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው 1,327 የእንግሊዝኛ ድርሰቶችን ወስደው፣ ቃላቱ ደስታን ወይም ሐዘንን የሚቀሰቅሱበትን መጠን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሰሉ። ውጤቱን በግራፍ ሲያስቀምጡት አብዛኛዎቹ በስድስት መሠረታዊ ኩርባዎች ሥር ተመደቡ፤ የሚወጣ፣ የሚወርድ፣ ወርዶ የሚወጣ፣ ወጥቶ የሚወርድ፣ ወጥቶ ወርዶ እንደገና የሚወጣ፣ ወርዶ ወጥቶ እንደገና የሚወርድ። ኮምፒዩተሩ የቈጠረው የቃላትን ስሜት እንጂ የሴራን ጥበብ አይደለም፤ እንደ መመሪያ ሳይሆን እንደ ካርታ ቢታይ ግን ይጠቅማል።

የቴዎድሮስን ሕይወት በዚህ ካርታ ላይ እናስቀምጠው። ከቋራ ሽፍትነት ጀምረን በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ዘውድ በጫኑበት ቀን ብናቆም ኩርባው የሚወጣ ነው፤ የሣህለ ሥላሴ መጽሐፍ የሚተርከው ካሳ ወደ ዙፋን የወጣበትን ይህንን መንገድ ነው። ከዘውዱ ጀምረን መቅደላ ላይ ብንጨርስ የሚወርድ ይሆናል። ከቋራ እስከ መቅደላ ሁሉንም ብንወስድ ወጥቶ የሚወርድ ኩርባ እናገኛለን። ሰውየው አንድ ናቸው፤ የተፈጸመውም ድርጊት አንድ ነው። ሐዘን ወይም ተስፋ የሚያደርገው ደራሲው መቀሱን ያሳረፈበት ቦታ ነው። «ከየት ልጀምር?» የሚለው ጥያቄ እንግዲህ «ስለ ምን ልጽፍ ነው?» ከሚለው ጥያቄ ተለይቶ የሚታይ አይደለም።

የመጽሐፍ ርዕስም የዚህ ምርጫ ምልክት ነው። «አንድ ለናቱ» ሲባል አንባቢው እናትንና ልጅን ይጠብቃል። «የቴዎድሮስ እንባ» ሲባል ከጀግናው ጎራዴ ይልቅ ልቡን ሊያይ ይዘጋጃል። ርዕስ ቃል ኪዳን ነው፤ ቃል ኪዳኑን የማይፈጽም ሴራ አንባቢን ያስቀይማል።

ሁለቱ መንገዶች

ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በአየር መስመር ቢለካ ርቀቱ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መድፉን ይዞ የተነሣው ሠራዊት በቦታው የደረሰው ግን በመጋቢት 1860 ዓ.ም. ነበር። ስድስት ወር ገደማ ማለት ነው፤ በቀጥታ መስመር ሲሰላ በቀን አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። የጂዳና የበሽሎ ሸለቆዎች እንደ ግድግዳ የቆሙ ናቸው። ለመድፉ መንገድ መጥረግ ግድ ነበር፤ ንጉሡ ራሳቸው በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ እንደነበር የዐይን ምስክሮች ጽፈዋል።

በዚያው ወቅት በሌላ አቅጣጫ ሌላ መንገድ ይጠረግ ነበር። ጄኔራል ሮበርት ናፒየር 13,000 ያህል ወታደሮችና ከሕንድ የመጡ 44 ዝሆኖች ይዞ፣ ከዙላ የባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ከ600 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን ጉዞ ወደ ደቡብ ተያይዞታል። ሁለቱም ወገኖች ወደ አንድ አምባ ይጓዛሉ። ማን ቀድሞ ይደርሳል?

ልብ ሰቀላ የሚባለው ይህ ነው። ደራሲው አንዱን መንገድ ትንሽ ያሳየንና ገደሉ አፋፍ ላይ ሲደርስ ትቶት ወደ ሌላው ይሻገራል። አእምሯችን የተንጠለጠለውን ነገር አይተውም። በበርሊን ትሠራ የነበረችው የሥነ ልቡና ተመራማሪ ብሉማ ዘይጋርኒክ እ.ኤ.አ. በ1927 ሰዎች ካጠናቀቁት ሥራ ይልቅ ያቋረጡትን አብልጠው እንደሚያስታውሱ ጽፋለች። የማስታወሱ ውጤት በኋለኞቹ ሙከራዎች ሁልጊዜ አልተደገመም። ከአንድ ዓመት በኋላ ባልደረባዋ ማሪያ ኦቭስያንኪና ያገኘችው ግን ይበልጥ ጸንቷል፤ ሰው ያቋረጠውን ሥራ፣ ማንም ሳያዝዘው፣ ተመልሶ ሊጨርሰው ይሻል። አንባቢ ከእኩለ ሌሊት በኋላ «አንድ ምዕራፍ ብቻ» እያለ ገጽ የሚገልጠው በዚህ ግፊት ሳይሆን አይቀርም።

የእኛ ጎታች አባት እዚህ ላይ ያስፈልገናል። መንገዱ በዘገየ ቁጥር ልጁን ይዞ ለማምለጥ ዕድል ያገኛል፤ መንገዱ በዘገየ ቁጥር ግን የሚመጣው ጦር ይቀርባል። አንዱ ገመድ ሁለት ወገን ሲስበው ታሪኩ ይወጠራል።

መድፉና ሽጉጡ

ሩሲያዊው ደራሲ አንቶን ቼኾቭ በመጀመሪያው ትዕይንት የታየ ጠመንጃ ኋላ ላይ መተኮስ አለበት፤ የማይተኮስ ከሆነ ቀድሞውንም መታየት የለበትም የሚል ምክር ትቷል። በትምህርት ቤት ንግር የምንለው ዘዴ የዚህ ቅርብ ዘመድ ነው። በዚህ መለኪያ የመቅደላ ታሪክ አደገኛ ይመስላል። ከጋፋት ጀምሮ አንባቢው የሚጠብቀው የታላቁን መድፍ ድምፅ ነው። ነገር ግን ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በስቅለት ዕለት፣ በአሮጌ ሜዳ የተደረገውን ውጊያ እንግሊዞች አሸነፉ። ስድስት ወር የተደከመለት መድፍ ውጤቱን አልለወጠም። ዛሬም መቅደላ ላይ ይገኛል።

ይህ የሴራ ጉድለት ነውን? ወደ 1855 ዓ.ም. እንመለስ። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ቆንሲል ካሜሮን ወደ ንጉሡ ሲመጣ ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከ ስጦታ ይዞ ነበር፤ ሽጉጥ። መልስ ያጣው ደብዳቤም የተላከው ያኔ በእርሱ በኩል ነው። በፋሲካ ማግስት፣ ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ከቀትር በኋላ፣ የእንግሊዝ ወታደሮች የአምባውን በር ሰብረው ሲገቡ አጼ ቴዎድሮስ እጃቸውን ላለመስጠት ሕይወታቸውን ያጠፉት በዚያው በስጦታው ሽጉጥ ነበር።

እንግዲህ የተተኮሰው ሁላችንም ስናየው የነበረው መድፍ አይደለም፤ የተተኮሰው የረሳነው ሽጉጥ ነው። የወዳጅነት ምልክት ሆኖ የገባ ዕቃ የፍጻሜ መሣሪያ ሆኖ ወጣ። አሪስቶትል ከሁሉ የበለጠ የሚያስደንቀው ነገር ያልተጠበቀ ሆኖ ሳለ ከቀደመው የተወለደ ነው ይላል። ጥሩ መጨረሻ አንባቢውን መጀመሪያ «አልጠበቅሁም ነበር» ያሰኘዋል፤ ቀጥሎም «ከዚህ ሌላ ሊሆን አይችልም ነበር» ያሰኘዋል። ሁለተኛው ስሜት እንዲመጣ ሽጉጡ ቀደም ብሎ፣ ትኩረት ሳይስብ፣ ጠረጴዛው ላይ መቀመጥ ነበረበት። መድፉም ከንቱ አልሆነም፤ ዐይናችንን ይዞ ሽጉጡን ያስረሳን እርሱ ነውና።

መጨረሻው ቢታወቅስ?

እ.ኤ.አ. በ2011 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሳን ዲየጎ፣ ጆናታን ሌቪትና ኒኮላስ ክሪስተንፌልድ 12 አጫጭር ልብ ወለዶችን ለ800 ያህል ተማሪዎች ሰጡ። አንዳንዶቹ መጨረሻው አስቀድሞ ተነገራቸው። የብዙዎች ግምት መጨረሻውን የሰማ አንባቢ ደስታው ይቀንሳል የሚል ነበር፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒ ሆነ፤ መጨረሻውን የሰሙት በአማካይ ትንሽ ከፍ ያለ ነጥብ ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ሌላ ጥናት በበኩሉ መጨረሻውን መስማት ደስታን እንደሚቀንስ አግኝቷል። ጉዳዩ አልተቋጨም። ከሁለቱ የምንረዳው፣ የአንባቢ ደስታ በምስጢር ላይ ብቻ የተመሠረተ አለመሆኑን ነው።

የእኛ አገር ማስረጃ ከዚህ ቀድሞ ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ልብ ወለድ መጨረሻውን በርዕሱ ነግሮናል፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»። የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር የት እንደሚያበቃ ሽፋኑ ላይ ተጽፎ ሳለ፣ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሕዝቡ ሥራ ፈትቶ ያዳምጥ ነበር። ወላጆቹ ሕፃኑን በዛብህን በስለት ለቤተ ክርስቲያን መስጠታቸው ገና ከመጀመሪያው ይነገራል፤ ከዚያ በኋላ የምናነበው «ምን ይሆናል?» ብለን ሳይሆን «እንዴት ሊሆን ይችላል?» ብለን ነው። «እንዴት» የሚለው ጥያቄ ከ«ምን» የጠለቀ ነው። ስለዚህም ሁለተኛ ንባብን ይችላል።

የት ላይ ይቁም?

እ.ኤ.አ. በ1993 ዳንኤል ካንማንና ባልደረቦቹ ሰዎችን በ14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ለ60 ሰኮንድ እጃቸውን አስነከሩ። በሌላ ዙር ያንኑ 60 ሰኮንድ ካስቆዩአቸው በኋላ፣ ውኃው ቀስ በቀስ ወደ 15 ዲግሪ እየሞቀ 30 ሰኮንድ ጨመሩባቸው። ከሁለቱ አንዱን እንዲደግሙ ሲጠየቁ አብዛኞቹ የመረጡት ረጅሙን ነበር። ጠቅላላ ሥቃዩ ቢበዛም አጨራረሱ ለስላሳ ነበርና። ሙከራው ስለ ልብ ወለድ አይደለም፤ ነገር ግን ትዝታችን የአንድን ገጠመኝ ጫፍና ፍጻሜ አብልጦ እንደሚመዝን ያሳያል። ሦስት መቶ ገጽ በደንብ የጻፈ ደራሲ በመጨረሻዎቹ አሥር ገጾች ቢቻኮል፣ አንባቢው ይዞት የሚሄደው ችኮላውን ነው።

የመቅደላ ታሪክ የት ይቁም? ሽጉጡ ላይ ካቆምነው የኩራት ፍጻሜ ይሆናል። ወደ እንግሊዝ አገር ከተወሰደው ሕፃን ልዑል ዓለማየሁ ጋር ከተጓዝን ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1879 በ18 ዓመቱ አርፎ ዊንዘር ላይ እስከ ተቀበረበት ቀን እንደርሳለን፤ ያ የናፍቆት ፍጻሜ ነው። የትኛውም ስሕተት አይደለም። ለጉዳዩ ፍርድ የሚሰጠው መጀመሪያ ላይ የተነሣው ጥያቄ ነው። አርኪ መጨረሻ ማለት ደስ የሚል መጨረሻ ማለት አይደለም፤ ለተጠየቀው ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ማለት ነው።

ጎታቹን አባት ደግሞ አንርሳ። የእርሱ ጥያቄ የመንግሥት ጥያቄ አይደለም፤ «ልጄን ይዤ ወደ ቤቴ እመለሳለሁን?» የሚል ነው። ስለዚህ የእርሱ ታሪክ በሽጉጡ ድምፅ አያበቃም። ከዚያ ድምፅ በኋላ ባለው ጸጥታ፣ ገመዱ ከትከሻው ላይ ሲወርድ፣ ወደ ጉና በሚወስደው በዚያው ራሱ በጠረገው መንገድ ላይ ያበቃል። አብሮት ማን አለ? ቤቱስ የቱ ነው? ይህን እኛ አንጽፈውም።

ለሙከራ

በላቦራቶሪ የተነበበ ነገር በእጅ ካልተሠራ አይያዝም። ስለዚህ አንባቢያን የሚከተለውን በአንድ ወረቀት ላይ እንዲሞክሩት እንጋብዛለን። በመጀመሪያ የገጸ ባሕርዩን ፍላጎት፣ ዕንቅፋትና ሊያጣው የሚችለውን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ቀጥሎ የመጨረሻውን ትዕይንት በሦስት መስመር ጻፉ፤ በኋላ መለወጥ ይቻላል። ሦስተኛ፣ ከመጨረሻው ወደ ኋላ እየቈጠራችሁ ሰባት ክንውኖችን በ«ስለዚህ» እና በ«ነገር ግን» አያይዙ። አራተኛ፣ በመጨረሻው ትዕይንት ላይ የሚገኘውን አንድ ትንሽ ዕቃ ምረጡና በመጀመሪያው ትዕይንት ላይ ያለ ብዙ ወሬ አስቀምጡት። በመጨረሻም ኩርባውን ሣሉ፤ መነሻውን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ብታንቀሳቅሱት ምን እንደሚሆን ተመልከቱ።

የመጀመሪያው ረቂቅ ቢከሽፍ አያስደንቅም። ጋፋት ላይም ከመድፉ በፊት የከሸፉ ሙከራዎች ነበሩ። ልዩነቱ ብረት ለማቅለጥ የንጉሥ ትእዛዝ ያስፈልግ ነበር፤ ለእናንተ ግን ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። መድፉን የጎተቱት በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ስማቸው በመጻሕፍቱ ውስጥ አይገኝም። እነርሱን ሊያስታውስ የሚችል አንድ መንገድ ቢኖር፣ በሚገባ የታሰበበትና እስከ መጨረሻው የተጻፈ ልብ ወለድ ነው።